የሸፈተ ልብ ካሣው ስንት ነው?

ዛሬ ከተለመደው የፓርቲና የምርጫ ጉዳይ ወጣ ብዬ ስለ ትዳርና ስለ ፍርድ ቤት ልጽፍ ነው። ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። መንግሥት ዳኛውንና መዝገቡን ይዞ እስከ የትኛው የቤታችን ክፍል ድረስ መግባት ይገባዋል የሚለው ከጥንታዊዎቹ የፖለቲካ ጥያቄዎች አንዱ ነውና።

መነሻዬ አንድ ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በደርሃም የተሰየመ ጁሪ፣ በማኅበራዊ መገናኛ ብዙ ተከታይ ያላት አንዲት ሴት የሌላዪቱን ትዳር አፍርሳለች በማለት 1.75 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ለመንግሥት የሚገባ መቀጮ አይደለም፤ ለቀድሞዋ ሚስት የሚከፈል ካሣ ነው። ወሬው በስልክና በመልእክት ወደ እኛ ሰዎች ሲደርስ ከማውቃቸው መካከል ብዙዎቹ «እሰይ!» አሉ። «እንዲህ ያለ ሕግ ለአገራችንም ቢመጣ ስንቱ ቤት ከመፍረስ በዳነ!» ያለኝም የተማረ ወዳጅ አለኝ።

የወዳጄ ቁጭት ይገባኛል። ነገር ግን ሁለት ነገር የዘነጋ ይመስለኛል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ሕግ ከየት እንደ ተወለደ። ሁለተኛ፣ የሚመኘው ሕግ በእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ጥግ ይዞ ቀድሞውኑ የተቀመጠ መሆኑን። ይህ ሁለተኛው ነው እንድጽፍ ያስገደደኝ።

በመጀመሪያ ክሱ ምን እንደሚመስል ላስረዳ። በሰሜን ካሮላይና የተበደለ ባል ወይም የተበደለች ሚስት በሦስተኛ ሰው ላይ ሁለት ዓይነት የፍትሐ ብሔር ክስ ማቅረብ ይችላሉ። የመጀመሪያውን በአማርኛ «ልብ ማሸፈት» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ከሳሽ ሦስት ነገር ያስረዳል፦ በትዳሩ ውስጥ እውነተኛ ፍቅር እንደ ነበረ፣ ያ ፍቅር እንደ ጠፋ፣ ለመጥፋቱም ምክንያቱ የተከሳሹ የክፋት ሥራ እንደ ሆነ። ለዚህ ክስ አልጋ መጋራት የግድ አያስፈልግም። ሁለተኛው ክስ ግን በቀጥታ ከባለትዳር ጋር የሥጋ ግንኙነት በመፈጸም ላይ የተመሠረተ ነው፤ በዚህኛው ጋብቻ መኖሩንና ግንኙነቱ መፈጸሙን ማስረዳት ይበቃል። ተከሳሹ «ባለትዳር መሆኑን አላወቅሁም» ወይም «የጀመረው እሱ ነው» ቢል ከኃላፊነት አያድነውም።

የካሣው መጠን የሚያስደነግጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 አንዲት ሚስት በባሏ ጸሐፊ ላይ ባቀረበችው ክስ 1 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላት። በ2010 ደግሞ 9 ሚሊዮን፣ በ2011 ወደ 30 ሚሊዮን፣ በ2018 ከ8 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ውሳኔዎች በዚሁ ግዛት ተሰጥተዋል። የግዛቱ ምክር ቤት በ2009 ባወጣው ሕግ ክሱን በጥቂቱ አጥብቦታል፤ ተጋቢዎቹ ለመፋታት ወስነው ከተለያዩ በኋላ የተፈጸመ ድርጊት ለክስ እንዳይበቃ፣ ክሱም በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ አድርጓል። ሥሩን ግን አልነቀለውም።

ያ ሥር የት ነው? በአሮጌው የእንግሊዝ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ያገባች ሴት ሕጋዊ ሰውነቷ በባሏ ውስጥ ይጠቃለል ነበር። ከእሷ ጋር የተገኘ ወንድ የባልን ንብረት እንደ ነካ ተቆጥሮ ለባል ካሣ ይከፍላል። ከዚህ የተነሣ በታሪክ የሚታወሰው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1836 የቀረበው ነው። ጆርጅ ኖርተን የተባለ ሰው የወቅቱን ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሜልበርንን ከሚስቴ ጋር ማግጠዋል ብሎ 10,000 ፓውንድ ጠየቃቸው። ጁሪው ክሱን ውድቅ አደረገው። ሚስቲቱ፣ ደራሲዋ ካሮላይን ኖርተን፣ ስሟ በአደባባይ ሲብጠለጠል ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም፤ ለመመስከርም መብት አልነበራትም። በሁለት ወንዶች መካከል በሚደረግ ክርክር ውስጥ የክርክሩ ዕቃ ነበረች። ከነጻ ውሳኔው በኋላም ሦስቱ ልጆቿ በባሏ እጅ ቀሩ። እሷ ግን ዝም አላለችም፤ በጽሑፍና በቅስቀሳ ታግላ እናቶች ሕፃናት ልጆቻቸውን ለማሳደግ ፍርድ ቤት እንዲጠይቁ የፈቀደው የ1839 ሕግ እንዲወጣ ትልቅ ድርሻ አበረከተች። ያ ዓይነቱ ክስ በእንግሊዝ በ1857 ቀረ፤ ይሁን እንጂ ባል በፍቺ ክርክር ውስጥ ከሚስቱ ወዳጅ ካሣ መጠየቁ እስከ 1970ው ሕግ ድረስ ቀጥሏል።

በአሜሪካ መሻሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ፈር ቀዳጁን የኢንዲያና ሕግ ያቀረቡት በዚያ ዘመን በግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት ብቸኛዋ ሴት የነበሩት ሮበርታ ዌስት ኒኮልሰን ናቸው። በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ተከተለች። በጊዜው የተሰጠው ዋና ምክንያት ክሱ የማስፈራሪያ መሣሪያ ሆኗል የሚል ነበር፤ «ካልከፈልኸኝ ስምህን በጋዜጣ አወጣዋለሁ» እያሉ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች በዝተው ነበርና። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ቨርጂኒያም በ1968 ዘግታዋለች። ዛሬ ክሱን የሚቀበሉት ግዛቶች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ሰሜን ካሮላይናና ሚሲሲፒ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በሻርሎትና በራሌ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከቨርጂኒያ በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ፍጹም ሌላ ሕግ አለ።

እርግጥ ነው፣ ሕጉ ዛሬ እንደ ጥንቱ ለባል ብቻ አያዳላም፤ ሚስትም ትከሳለች። «ሥሩ ቢበላሽም ፍሬው ጣፋጭ ከሆነ ምን አለበት?» የሚል ይኖራል። ስለዚህ የደጋፊዎቹን ክርክር በሚገባው ክብር ልየው።

የሚከራከሩት እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ የሌላውን ውል እያወቀ ቢያስፈርስ ሕግ ይጠይቀዋል፤ ታዲያ የስንዴ ሽያጭ ውል ያገኘውን ጥበቃ ትዳር ለምን ያጣል? ክርክሩ ሲሰሙት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ልዩነቱን እንመልከት። በስንዴው ውል መጀመሪያ የሚጠየቀው ቃሉን ያጠፈው ተዋዋይ ነው፤ ሦስተኛው ሰው ከእሱ ኋላ ይመጣል። በልብ ማሸፈት ክስ ግን ቃል ኪዳኑን የገባው ሰው ተከሳሽ አይደለም። ቀለበት ያጠለቀው፣ በሽማግሌ ፊት ቃል የሰጠው፣ ሰማንያውን የፈረመው ሰው ከክሱ ውጭ ሆኖ፣ ምንም ቃል ያልሰጠው ሰው ባለዕዳ ይሆናል። ደግሞም ስንዴ ዋጋ አለው፤ ባለቤቱም ይታወቃል። የባል ፍቅር የሚስት፣ የሚስት ፍቅር የባል ንብረት ነው ካላልን በስተቀር ግን ሦስተኛው ሰው «ወሰደው» ማለት አንችልም። ፍቅር የሚሰጥ እንጂ የሚሰረቅ ነገር አይደለም፤ የሰጠውም ሰው አእምሮና ፈቃድ ያለው አዋቂ ነው። ልቧ የሸፈተባትን ሚስት «አታለሏት» ብሎ ከተጠያቂነት ማውጣት ለእሷ ማዘን ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የራሷን ውሳኔ ከእጇ የሚነጥቅ ንቀት ነው። ለባልም እንደዚያው።

ሁለተኛው ክርክራቸው ከበድ ይላል። «ባለሀብቱ ወይም ባለሥልጣኑ የደሀውን ሚስት በገንዘቡና በሥልጣኑ ሲነጥቅ ሕግ ዝም ይበል ወይ?» ይላሉ። በአገራችን ይህ ቁጭት ባዶ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን አለቃ በሥሩ የምትሠራን ሴት በእንጀራዋ እያስፈራራ ቢያስገድዳት በደሉ ስም አለው፤ ወሲባዊ ትንኮሳ ይባላል፤ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ይከለክለዋል። የተበደለችው እሷ ናት፤ አቤቱታውም የእሷ ነው። በደሉን ወደ ባል ካሣ ብንለውጠው ተበዳይዋን ከመዝገቡ እንሰርዛታለን፤ ወደ ካሮላይን ኖርተን ዘመን እንመለሳለን። ግንኙነቱ በፈቃዷ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በእሷና በባሏ መካከል ነው።

ሦስተኛው «ያስፈራል፤ ሌላውን ያስተምራል» የሚለው ነው። እኔ ግን ሌላ ዓይነት ፍርሃት ይታየኛል። በእንዲህ ያለ ክስ ከሳሽ «ትዳራችን ያማረ ነበር» ማለት አለበት፤ ተከሳሽ ደግሞ «አይደለም፣ ድሮም የተቃጠለ ነበር» ማለት ይገደዳል። ስለዚህ ባልና ሚስት የተጨቃጨቁበት ሌሊት፣ የተለዋወጡት መልእክት፣ የሆቴል ደረሰኝ ሁሉ ለችሎት ይዘረዘራል። ልጆች ያሉ እንደ ሆነ ይህን ሁሉ ይሰማሉ፤ አንዳንዴም ምስክር እንዲሆኑ ይፈለጋሉ። የተፋታው አባት አዲሷን ሴት አግብቶ ከሆነም ካሣው የሚወጣው የልጆቹ ቀለብ ከሚወጣበት ከዚያው ቤት ነው። ክሱም ራሱ «ልጆቹን ልቀቅልኝና ወዳጅህን አልከስም» ለሚል ድርድር መያዣ ይሆናል። የ1935ቱ ሴት የምክር ቤት አባል ያሳሰባቸው ማስፈራሪያ መልኩን ለውጦ ቀጥሏል ማለት ነው።

በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ልብ ማሸፈት አልጋ መጋራት የማያስፈልገው ክስ ከሆነ፣ በትዳር መካከል የሚገባው ሰው የግድ ወዳጅ ወይም ውሽማ አይሆንም። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አማቶች በዚህ ምክንያት በተደጋጋሚ ተከሰዋል፤ ልጃቸውን በቅንነት የመከሩ ወላጆች ጥበቃ ቢኖራቸውም ቅንነታቸውን መመርመሩ ግን ለችሎት ይቀራል። እስቲ ይህን ወደ እኛ ቤት አምጡት። «ልጄ፣ ይህ ሰው ሊገድልሽ ነው፤ ወደ ቤትሽ ነይ» ያለች እናት፣ የምትደበደብ ጓደኛዋን ያስጠጋች ጎረቤት፣ ሽምግልና ተቀምጠው «አልሆነም፤ በሰላም ይለያዩ» ያሉ አባቶች፣ የንስሐ አባት፣ ሁሉም ተከሳሽ ሊሆኑ ነው። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ብለን የምንተርት ሰዎች፣ ያ ባሕር በደረቀ ቁጥር ያደረቀውን ከጎረቤት መፈለግ አይገባንም። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ከጨካኝ ቤት ለመውጣት የሰው እጅ የሚያስፈልጋቸው ሴቶች ናቸው፤ እጅ የሚዘረጋ ሰው ካሣ የሚፈራ ከሆነ በሩ ከውጭ ይዘጋባቸዋል።

ሌሎች አገሮች ይህን መርምረውታል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የሻረው የዝሙት ወንጀል አንቀጽ ወንዱን ብቻ የሚቀጣ ነበር፤ ባል ከፈቀደ ደግሞ ወንጀል አልነበረም። ባል ሲፈቅድ ወንጀልነቱ የሚጠፋ ድርጊት የባልን ባለቤትነት እንጂ ሌላ ምን ሊያሳይ ይችላል? የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2015 የተበደለ የትዳር ጓደኛ ሦስተኛውን ሰው ካሣ የሚጠይቅበትን የቆየ ክስ ዘግቷል፤ የሐሳቡ ፍሬ ነገር ተጋቢዎቹ ራሳቸው ለትዳራቸው ያላቸው ታማኝነት ከጠፋ ሦስተኛውን ሰው በመቅጣት ትዳሩ አይድንም የሚል ነው። በጃፓን እንዲህ ያለው ካሣ እስከ አሁን አለ፤ ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ሦስተኛ ሰው ለፍቺው ለራሱ ተጠያቂ የሚሆነው ፍቺውን ለማድረስ ሆን ብሎ ጣልቃ እንደ መግባት ያለ ልዩ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው ብሏል። መንገዶቹ ይለያዩ እንጂ አቅጣጫው አንድ ነው፤ ተጠያቂነትን ወደ ተጋቢዎቹ መመለስ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ የተጋቢዎችን መብት መንካትን ከጥፋት ዓይነቶች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። የወዳጄ ምኞት በር ይህ ነው። ከዚህም ጎን ቁጥር 2115 አለ፤ በሚስት ላይ የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው አብሮነቷ ለባሏ የሚሰጠው ጥቅም ወይም ደስታ እንዲቀንስ ካደረገ ለባል ካሣ ሊከፍል እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ እሷ ለራሷ ከምትጠይቀው ካሣ የተለየ የባል ክስ ነው። ለተጎዳ ባል ሚስት እንዲሁ ትጠይቅ የሚል አቻ ድንጋጌ ከጎኑ የለም። ተጋቢዎች በጋብቻ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ከሚለው ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 ጋር ይህ እንዴት ሊታረቅ እንደሚችል አይታየኝም።

ታዲያ ይህ በር ሰዎች የማይጋፉበት ለምንድን ነው? አንዱ መልስ በቁጥር 2116 ላይ ያለ ይመስለኛል። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈል ካሣ በምንም ሁኔታ ከ1000 ብር አይበልጥም። ሕጉ ሲወጣ ይህ ወደ 400 የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ፣ ክብደት ያለው ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለከሳሽ የጠበቃ አበል ቀርቶ የመመላለሻ ወጪ እንኳ የማይሸፍን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ ጣሪያ መነሣት አለበት፤ በዚህ ላይ የሚከራከረኝ የሕግ ሰው ያለ አይመስለኝም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ልጁን በሰው ጥፋት የተነጠቀ አባት ለሐዘኑ የሚያገኘው ካሣ በዚሁ 1000 ብር የታሰረ ነው፤ ይህ ሊያሳፍረን ይገባል። ነገር ግን ጣሪያውን ስናነሣ የትዳሩን ድንጋጌ እንዳለ ከተውነው፣ ስድሳ ዓመት ያንቀላፋው ክስ በሚሊዮን ብር ዋጋ ይነቃል። ማንም በይፋ ሳይከራከርበት፣ ምክር ቤትም ሳይወስንበት፣ የሰሜን ካሮላይና ሕግ በጓሮ በር ይገባልናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል፦ በመጀመሪያ በሦስተኛ ሰው ላይ የሚቀርበውን የትዳር ክስና ቁጥር 2115ን መሻር፣ ከዚያ የኅሊና ካሣውን ጣሪያ ማንሣት።

«ታዲያ የተካደው ሰው ባዶ እጁን ይቅር ወይ?» ለሚለኝ መልሱ አዲስ ሕግ ማውጣት እንኳ አይጠይቅም። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 56 ተጋቢዎች እርስ በርሳቸው የመተማመን ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። በአንቀጽ 84 ደግሞ የፍቺው ምክንያት ከተጋቢዎቹ አንዱ ሲሆንና ፍትሕ ሲጠይቅ፣ ፍርድ ቤቱ ያ ተጋቢ በሌላው ላይ ለደረሰው ጉዳት ካሣ እንዲከፍል ሊወስን ይችላል። ሚዛኑን ያገኘ ሕግ ማለት ይህ ነው፤ ቃል የሰጠው ሰው ስለ ቃሉ ይጠየቃል። የቀድሞው ሕግ እንደሚያደርገው ዝሙትን ከከባድ የፍቺ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የአልጋ ታሪክ አያስቆፍርም፤ ግን የተጎዳውንም አይረሳም። እኔ የምመኘው ጠበቆች ይህን አንቀጽ አዘውትረው እንዲጠቅሱት፣ ዳኞችም ካሣውን ለስም ያህል ሳይሆን ጉዳቱን በሚመጥን መጠን እንዲወስኑ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቤት ጠብቃ፣ ልጅ አሳድጋ፣ በመጨረሻ የተተወች ሴት የሚያስፈልጋት የአዲሷ ሙሽራ ኪስ አይደለም፤ የጋራ ንብረት ትክክለኛ ክፍፍል፣ በወቅቱ የሚደርስ የልጆች ቀለብ፣ ካስፈለገም ከባሏ የሚከፈል ካሣ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላክል። ይህን ስል የሰው ትዳር ማፍረስ ነውር አይደለም እያልሁ አይደለም። ነውር ነው። የሃይማኖት አባት ይገሥጸው፣ ዘመድ ይቆጣው፣ ጓደኛም ፊቱን ያዙርበት። ማኅበረሰብ የራሱ ሚዛን አለው፤ ያ ሚዛን በደከመ ቁጥር ሥራውን ለመንግሥት ማስረከብ ግን የተማረው ክፍላችን የተጠናወተው አመል ሆኗል። ዛሬ ለባላንጣችን መቅጫ ብለን የምንለምነው ክስ፣ ነገ የምትደበደብ እኅታችንን ያስጠጋችው እናታችን ላይ እንደማይቀርብ ማን ዋስ ይሆነናል?

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይም በሙያው ያላችሁ ዳኞችና ጠበቆች፣ ሙግታችሁን በደስታ እቀበላለሁ።

ቸር እንሰንብት።